የአፍንጫው መጽሐፍ እርማት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጠዋት የእንጨት ሥራ መማሪያ ሁለት ምዕራፍ አረምኩ። «መጋዝ» ሦስት ቦታ «መጋዣ» ሆኗል። ከምሳ በኋላ ከአሳታሚው ፖስታ መጣ። የወይን ጠጅ ጉዞ መጽሐፍ፣ 240 ገጽ፣ ለመጨረሻ እርማት። የደራሲውን ስም አየሁ... አፍንጫ።

ድሮ አራሚ በነበርኩበት ጋዜጣ ቤት ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራው። የወይን ጠጅ ዓምድ ነበረው። ብርጭቆ ሲያሸት ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ካየው ደግሞ ረዘም አድርጎ።

የአሳታሚው አዘጋጅ አዲስ ናት፣ ታሪካችንን አታውቅም። «መጽሐፉ እስኪታተም ድረስ አራሚው ማን እንደሆነ ለደራሲው አንነግርም» አለችኝ በስልክ። «እሱ ግን እያንዳንዱ እርማት ላይ በእጁ ይፈርማል። ደንባችን ነው።» እስከ ጥቅምት 25 ጊዜ አለኝ።

እሺ አልኩ። ድምፄ የተለወጠ አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሌላውን ሳላነብ የኮረብታውን ቤት፣ ያን የወይን ጠማቂዎች ቤት፣ ፈለግሁ። ገጽ 112። አለ። ቃል በቃል። «የኮረብታው ቤት ወይን ጠጅ ሆምጣጤ ነው። እዚያው ገበታቸው ላይ ቀምሼ ብርጭቆዬን ገፋሁት።»

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህ ጋዜጣው ላይ ሲወጣ ጠማቂዎቹ ደብዳቤ ጻፉ። በዚያ ወር በራችን ዝግ ነበር፣ ማን መጥቶ ቀመሰ? አሉ። አፍንጫ ለጋዜጣው ምን ብሎ ጻፈ? «እኔ የጻፍኩት ስለ ሌላ ቤት ነው። ስሙን ያሳሳተው አራሚው ነው።» ረቂቁ ከፋይሉ ጠፋ። ለእኔ ሁለት መስመር የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። «ከባድ ቸልተኝነት»። ከሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ።

አሁን ያው ስም፣ ያው ቃል፣ በገዛ መጽሐፉ። ከራሱ ደብተር ገልብጦት ነው። ምን ብሎ እንዳባረረኝ እንኳ ረስቶታል። የወጋ ይረሳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ወሰንኩ። አላርምም። አንዲት ነጥብ አልነካም። ስህተቱን ሁሉ እንደተሸከመ ይታተም፣ ሰው ይሳቅበት። አሳታሚው ሁለተኛ ሥራ አይሰጠኝ ይሆናል። አይስጠኝ።

ለእህቴ ነገርኳት። ታላቄ ናት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ሳቀች። ከዚያ መጽሐፉን ታገላብጥ ጀመር።

«እነዚህን ቤቶች ዞረን ብናያቸውስ? መኪና አለኝ። አንተ ስህተቱን ትቆጥራለህ፣ እኔ ወይን ጠጁን አጣጥማለሁ።»

«የምትነጂው አንቺ አይደለሽ?»

«አፌ ውስጥ አዙሬ እተፋዋለሁ። ለቂመኛ መሪ አይሰጥም።»

መጥፎ ሐሳብ አይደለም። የማላርመውን ስህተት ልክ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

የመጀመሪያው ቤት። መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ገና የታጠበ ወለል። መጽሐፉ «ነጭ ወይን ጠጃቸው እንደ ምንጭ ውኃ» ይላል። ነጩን አቅምሰኝ አልኩት ጠማቂውን።

«ነጭ? እኔም አባቴም ነጭ ጠምቀን አናውቅም።»

ልቤ ሞቅ አለ። ቀዩን ሰጠኝ። ማስታወሻዬ ላይ፦ ቀይ። ይኮመጥጣል።

እህቴ በትከሻዬ በኩል አነበበችው። «ይኼ ወይን ጠጅ ነው ወይስ የደም ምርመራ ውጤት?»

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሁለተኛው ቤት። መጽሐፉ፦ «የሰማንያ ዓመቱ አዛውንት በፈገግታ ተቀበሉኝ።» ልጃቸው ቡሽ እየነቀለች ሳነበው ሰማችኝ። «አባቴ እኮ እሱ መጣሁ ካለበት አራት ዓመት ቀድሞ ነው የሞተው። ደግሞ ፈገግታ? ለሠርጉ ፎቶ እንኳ ፈገግ ብሎ አያውቅም።»

እዚህ አንድ ነገር ሆነ። ልጠጣ ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ። መጀመሪያ አሽት። ምን ይታይሃል?»

ጅልነት መሰለኝ። ግን... የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አቧራ። ከዚያ የአዲስ ቦርሳ ቆዳ፣ ትምህርት ቤት የተከፈተ ዕለት። ከየት መጣ? ሃያ ሁለት ዓመት ያን ሁሉ የአፍንጫን ቃላት ሳርም አንዱንም አላመንኩም ነበር። ተናደድኩ። የመጣሁት ለስህተት ነው።

ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቅሁ።

እስካሁን 74 ስህተት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

የኮረብታው ቤት። ወይኑ ተለቅሞ አልቋል፣ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ባለቤቷ አሮጊት ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ምድር ቤት ወርደው አቧራ የለበሰ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። ከፍተው አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም እንዳይነካው ከለከሉን።

ሲቀዱልን እኔም እህቴም አሸተትን፣ ከዚያ ቀመስን። እህቴ አልተፋችውም። ዛሬ እዚሁ እናድራለን አለች።

«ይኼ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳቸው።

«ዘጠኝ። ሆምጣጤ የተባለው ነው። ያን ጊዜ ገዢ ጠፋ፣ ሁለት መቶ ጠርሙስ እዚያው ምድር ቤት ቀረ። ተኝቶ ተኝቶ እንዲህ ሆነ።»

«ጋዜጣው ማስተካከያ አላወጣም?»

«አውጥቷል፤ በጥፍር የምትሸፈን። ማን ያነባታል? የአራሚ ስህተት ነው ይላል። ባሌ ያኔ ሆስፒታል ነበር። ‹ያ አራሚ ምን አድርገነው ነው?› እንዳለ ሞተ።»

እህቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አራሚው እኔ ነኝ» አልኩ።

አሮጊቷ ጠርሙሱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ታዲያ ምን አድርገንህ ነው?»

ከቦርሳዬ ገጽ 112ን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ያሳሳትኩት እኔ ብሆን ኖሮ በሱ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል? አልኳቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሁለት ጊዜ።

«አሁንም ሆምጣጤ ነው የሚለው» አሉ። ወረቀቱን መለሱልኝ። ብርጭቆዬንም ሞሉልኝ።

ቦርሳችንን ልናወርድ መኪናው ጋ ስንሄድ እህቴ፦ «ይህንንም ሳታርም ልትመልሰው ነው?»

ገጹን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሌላውን ቤት ተውነው፣ ወደ ቤት ተመለስን። መንገድ ላይ አሰብኩበት። ዝም ብል ማን ይጎዳል? አፍንጫ ይሳቅበታል፣ ወር ሳይሞላ ይረሳል። የኮረብታዋ አሮጊት ግን ለሁለተኛ ጊዜ ይቀበራሉ። ደግሞ ዝምታ ለሱ ምኑ ቅጣት ነው? ስህተቱን እንኳ አያየውም።

ማየት አለበት። አንድ በአንድ። በእጁም ይፈርማል።

ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ጨረስኩ። ያልደረስኩባቸውን ቤቶች በስልክ ጠየቅሁ። 186 እርማት። እያንዳንዱ ቀን ያለው፣ ምስክር ያለው፣ ትሕትና ያለው። «ቤቱ ነጭ ወይን ጠጅ አይጠምቅም፤ ባለቤቱ ይመሰክራል።» «አዛውንቱ በተጠቀሰው ዓመት በሕይወት አልነበሩም።» እንዲህ በጥንቃቄ ያረምኩት ጽሑፍ የለም።

ገጽ 112 ኅዳግ ላይ፦ «ደራሲው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህ የቤት ስም የአራሚ ስህተት መሆኑን ለጋዜጣው በጽሑፍ አረጋግጠዋል። ያ እውነት ከሆነ አንቀጹን ሰርዘው ይፈርሙ። እውነት ካልሆነ እንዳለ ትተው ይፈርሙ።»

በየትኛውም ይፈርማል፤ ቢሰርዘው ቤቱ ከስድቡ ይድናል፣ ቢተወው ያኔ መዋሸቱን ያምናል። ፖስታውን አሽጌ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ረቂቁ ተመልሶ መጣ። 186 ፊርማ። የመጀመሪያዎቹ ሰፋፊ፣ ጅራታም ናቸው። ከገጽ ስድሳ በኋላ ያጥራሉ። ወደ መቶ ሲጠጋ ጭረት ብቻ። ገጽ 112 ላይ አንቀጹን ሙሉ በሙሉ ሰርዞታል። ፊርማው ወረቀቱን በስቶታል። ከሥሩ በእርሳስ፦ «አራሚው ማነው?»

ያውቃል። ያኔ ለጋዜጣው የጻፈውን ደብዳቤ ማን ያስታውሳል ከሁለታችን በቀር?

ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለኮረብታው ቤት በፖስታ ላክሁ።

ምሳ ላይ ከዚያ ያመጣሁትን ጠርሙስ ከፈትኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ማስታወሻ፦ የደረቀ ፕሪም። የድሮ መሳቢያ እንጨት፣ ውስጡ የተረሳ እርሳስ። መጨረሻው ላይ ጨው ቢጤ፣ ከዋጡት በኋላም የማይለቅ። እህቴ አነበበችው።

«ደህና። ቂሙስ?»

«አለ።»

«ጣዕሙስ?»

«ጥሩ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አዘጋጇ ደወለች። ተጨንቃለች። «ደራሲው ስምዎን ደጋግሞ ጠየቀኝ፣ አልነገርኩትም። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። የአራሚው ስም ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ይታተማል አይደል? እሱን ተዉት እያለ ነው።»

«ደንባችሁ ምን ይላል?»

«ይታተማል ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ይታተም።»

«ለኔም ቀላሉ እሱ ነው» አለች። ከዚያ ያጽናናችኝ መሰላት። «ብቻ እንዳያዝኑ፣ በጣም ትንሽ ፊደል ናት። ብዙ ሰው አያነባትም።»

«እሱ ያነባታል» አልኳት።