ጥቁሩ ኮፍያ

ውድ እህቴ ዋሲላ፣ አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ እያልኩ ከሐይቅ ሰላሜን እልክልሻለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በጦርነቱ ፍንጣሪ የሰበረው የልጅሽ መንጋጋ ገጥሟል፤ ቆሎም ይቆረጥማል። ለመንጋጋው መጠገኛ ከራስ ቅሉ አጥንት ሲወስዱ የጎደጎደውን በምን እንሙላው ብሎ የደሴው ሐኪም እኔን ጠይቆኝ ነበር።

"ብረቱ ይሻላል፤ ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ። የአጥንት ሲሚንቶ እዚሁ አለ፤ ካመረቀዘ ግን ተመልሶ መውጣቱ ነው" አለኝ።

ለጤፉ አጨዳ ደቦ ጠርቼ ነበር። የጠሩትን ሰው መመለስ ደግሞ እንዴት እንደሚያሳፍር ታውቂያለሽ። ሲሚንቶው ይሁን አልኩ።

ዑበይዱላህ "አጎቴ፣ አናቴን ሊሾ አስደረግኸው" እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። ሰሞኑን ቀልዱን ትቷል።

ጤፉ ጥሩ ወጣ። ላሚቱም ወልዳለች። ነጩ ኮፍያው ቢጫ እየነካው ከትራሱ ጋር ጠዋት ማታ ከማጥበው ብዬ ጥቁር ገዛሁለት። ሰኞ ደሴ ለገበያ እሄዳለሁ፤ እሱንም ይዤው እሄዳለሁ።

በስልክ ስታዪው ኮፍያህን አውልቅ አትበይው፤ ያፍራል።

ዱዓሽ አይለየን።

ወንድምሽ ሰዑድ