አራት ወጋግራ የጎደለው ቤት

ውድ ወንድም ጋሼ ሻርሸን፣

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሽታው ለሙታን ይደርሳል በሚለው ወጋችን ሚስትህ ሊጥ በዘይት እየጠበሰችልህ ነው፤ ሽታው ደርሶህ ከሆነ እንዳረረ ታውቃለህ። ነገርኳት። «እሱ ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይናገር የበላውን አንተ ዛሬ ልታርመው መጣህ?» አለችኝ። ካንተ በኋላ የቱርሱናይ አፍ ተፈቷል።

እኔ ጓሮህ ውስጥ፣ ከሚኒባስህ ደጃፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የምጽፍልህ ስለ ሐምሌው ጉዞ ነው። ያንን ከመናገሬ በፊት ግን እንደተናደድኩብህ እወቅልኝ። አርባህ ወጥቷል፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

አምስት ዓመት ሙሉ መጋቢት በመጣ ቁጥር ትደውልልኝ ነበር። «ዘንድሮስ?» ትላለህ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። የምትጠይቀኝን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የአባታችንን የሱፍ ድንኳን፣ ግራጫውን ቤት፣ ጭነን በተራራው በር ወደ ሱሳሚር ሸለቆ መውረድ፤ አባታችን በየበጋው በጎቹን ያሰፍርበት በነበረው በኮኮመሬን ወንዝ ዳር መትከል፤ ከጣሪያው ክፍት ቀለበት ሥር ተጋድሞ ኮከብ እያዩ አንድ ሌሊት ማደር። አንድ ሌሊት ብቻ ነበር የጠየቅከኝ።

ቤቱ የእኔ ነው። በእኛ ወግ የአባት ቤት ለመጨረሻው ልጅ ነው፤ አንተም በኩር ሆነህ አንድ ቀን አልተከራከርከኝም። እኔ የድልድይ መሐንዲሱ ቢሽኬክ ፎቅ ላይ ስለምኖር ተጠቅልሎ የተቀመጠው ያንተ ጎተራ ውስጥ ነበር። ከመኝታ ቤትህ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ያለ እኔ ፈቃድ ግን ገመዱን እንኳ ፈትተህ አታውቅም።

የመጨረሻውን ጥሪህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ዘንድሮስ?»

«አራት ወጋግራ ይጎድለዋል።»

«ከስልሳ አምስቱ ስልሳ አንዱ አለ አይደል እንዴ?»

«ጎደለ ጎደለ ነው። ደግሞስ አራቱን የቲማቲም መደገፊያ ያደረጋቸው ማን ነው?»

«ቲማቲሙን ስትበላ አልጠየቅክም!»

«ሱፉንም ብል በልቶታል። እንዲህ ሆኖ አልተክለውም አልኩህ።»

«እንግዲያው በሚኒባሷ እንሂድ። አልጋ እሠራላታለሁ፣ ምድጃም አለኝ። ወንዙ ዳር አቁመን፣ ዓሣችንን ጠብሰን...»

«የአባቴ ቤት እያለ ቆርቆሮ ውስጥ አላድርም።»

«አንተ ልጅ፣ ድልድይ አደረግኸው እኮ! መኪና አያልፍበትም፤ እንተኛበታለን እንጂ።»

እዚህ ላይ መሳቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩህ? «አባታችን ለእኔ የተወው ስለማከብረው ነው። ላንተ ተሰጥቶህ ቢሆን ዛሬ የትራክተር ሸራ ሆኖ ነበር።»

ከጀርባህ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ከዚያ «እሺ መሐንዲስ፤ ሲሟላ ጥራኝ» ብለህ ዘጋኸው።

ሐኪሙ ስለ ልብህ የነገረህ በየካቲት እንደነበር አሁን አውቄአለሁ። ለቱርሱናይ ነግረህ ለእኔ እንዳትነግረኝ አስምለሃታል። «ቢያውቅ በእልህ ይተክለዋል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያርመው ያድራል» አልካት አሉ። ተሳሳትክ ልልህ አልችልም። ግን ማን ፈቀደልህ? አንድ ቃል ብትነግረኝ ድንኳኑን በጀርባዬ ተሸክሜ ተራራውን እወጣ ነበር። እንዳልወጣው ያደረግኸኝ አንተ ነህ። አይ፣ እኔ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ አሁን እንዳለ ይቀመጥ።

ከዚያ ጥሪ በሃያ ሁለተኛው ቀን ሞትክ። እኔ ስደርስ ጎረቤቶችህ ግራጫውን ቤት ከጎተራ አውጥተው፣ እንደ ወጋችን አስከሬንህ እንዲያርፍበት፣ ጓሮው ላይ እየተከሉት ነበር። ሰው ሲሞት ማን ባለቤቱን ያስፈቅዳል? ዝናብ ያካፋል። አንዱ የግድግዳውን ፍርግርግ ይዘረጋል፣ አንዱ በላስቲክ ገመድ ያስራል፣ ሁለቱ ቀለበቱን በሹካ እንጨት ደግፈው ወጋግራውን እንደመጣላቸው ይሰካሉ።

«አንተ! ያ ወጋግራ ተገልብጧል!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ ሞቶ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ሽማግሌው ጎረቤትህ አባባ ሳፓር ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ተወው። ወንድምህ ይግባ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ነው። ከመጀመሪያው ፍርግርግ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። አምስት ዓመት ያቃተኝን በዝናብ፣ አራት ወጋግራ እንደጎደለው፣ በአርባ ደቂቃ ተከሉት። ቆመም። አንተንም በግራ በኩል፣ በወንዶቹ ቦታ፣ ከአባታችን ቀለበት ሥር አስተኙህ።

እኔ እንደ ወጉ ወገቤን በመቀነት ታጥቄ፣ በትር ተደግፌ፣ ውጭ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ። ሴቶቹ ውስጥ አጠገብህ ሆነው ሙሾ ያወርዳሉ። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር እኛ ወንዶች «ወንድሜን!» እያልን መጮህ አለብን። እኔ ድምፄ እምቢ አለ።

«ጮክ በል እንጂ መሐንዲስ» አሉኝ አባባ ሳፓር በሹክሹክታ፤ «ከላይኛው መንደር እየመጡ ነው። ወንድሙ አልወደደውም ይሉሃል።»

አፌን ብከፍትም አልወጣልኝም። ያን ጊዜ ከውስጥ፣ ሙሾው ለአፍታ ሲቆም፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማሁ። ወጋግራ በጎደለበት በኩል ሱፉ ረግቦ ውሃ ይዞ ኖሯል፤ ቱርሱናይም ከራስጌህ ሳህን አስቀምጣለት ነበር። የፈራሁት ነገር ያ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አንተን የከለከልኩህ ያችን ጠብታ ፈርቼ ነው። ከዚያ ጮህኩ። አባባ ሳፓር በኋላ «አሁንስ በቃህ» እስኪሉኝ ድረስ ጮህኩ።

አንድ ሌሊት ነበር የጠየቅከኝ። ሁለት ሌሊት ተኛህበት።

አርባህ ሲወጣ ቱርሱናይ የሚኒባሷን ቁልፍ ሰጠችኝ። «ካንተ ጋር ከተነጋገረ በኋላ በየቀኑ እዚያ ውስጥ መዶሻ ሲያንኳኳ ይውል ነበር፤ ሐኪሙ አትልፋ ብሎት። ሂድና እይ» አለችኝ። ከፈትኩት። ሁለት አልጋ። አንደኛው የስፖንጅ ፍራሽ፣ ያንተ። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ሳንቃ፣ ላዩ ላይ ስስ ምንጣፍ ብቻ። ወገቤ ለስላሳ አይወድም። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አንተ እቤትህ ባደርኩ ቁጥር ፍራሹን አውርጄ መሬት ላይ ስተኛ አይተህ ይሆናል። ብሎኖቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ሳንቃው በአንድ በኩል ዘምሟል። መለኪያ አውጥቼ ለካሁት፤ ከቁመቴ በሁለት ጣት ይረዝማል። ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩ። ሲመሽ ቱርሱናይ ሻይ ይዛ መጥታ ነው የቀሰቀሰችኝ።

እንግዲህ ዕቅዱ ይህ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ የበረዶው ውሃ ጎድሎ ወንዙ ሲጠራ እንነሳለን። እኔ እነዳለሁ፤ ቱርሱናይ ከፊት ትቀመጣለች። እስካሁን ሁለት ጊዜ «ቀስ በል» ብላኛለች፣ ገና ሞተር ሳላስነሳ። ግራጫው ቤት ከጣሪያ ላይ ይታሰራል። ከተራራው በር ማዶ ባዝራ የሚያልቡት ሰዎች ዘንድ ቆመን የኮመጠጠ ወተት እንገዛለን፤ ሆዴን እንደሚያመኝ እያወቅሁ ያንተን ድርሻ እጠጣልሃለሁ። የአባታችንን ቦታ በካርታ ፈልጌዋለሁ። ግን አንተ ብትኖር ያለ ካርታ ትወስደኝ ነበር። ቱርሱናይ ሊጡን ወንዙ ዳር ትጠብስልሃለች፤ ቢያርም አልናገርም። እሞክራለሁ ማለቴ ነው።

ትናንት የጎደሉትን ወጋግራዎች እንዲሠራልኝ ያዘዝኩት፣ ኮችኮር ያለው አናጢ ደወለልኝ። «ደስ ይበልህ፤ አራቱ ወጋግራ ደረሱልህ። ጉብጠታቸው፣ ቀለማቸው፣ ሁሉም እንዳዘዝከው ነው። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

«ለሌላ ሰው ስጣቸው» አልኩት።

«ምን ጎደላቸው?»

«ምንም።»

ወንድም ጋሼ፣ አልተሟላም። አይሟላምም። አንተ ላይ ቆሞ እንደነበረው አድርጌ እተክለዋለሁ፤ የተገለበጠውንም ወጋግራ እንደተገለበጠ። እኔ በቀኝ እተኛለሁ፤ ግራውን ለማንም አልሰጥም። ዝናብ ከመጣም ሳህን አላስቀምጥም። ይግባ።

ታናሽህ፣
መሐንዲሱ