ሦስተኛውን ጉድጓድ ሲፈልጉ የኖሩት የወ/ሮ የኔነሽ ቱሉ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ የኔነሽ ቱሉ ከአባታቸው ከአቶ ቱሉና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቄ በ1945 ዓ.ም. ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሜዳ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ አስፋልት ቀርቶ የረባ የጋሪ መንገድም አልነበረም። ገብስ፣ ጤፍና ባቄላ የሚዘራበት፣ ሲመሽ ጅብ ከደጅ የሚመላለስበት አገር ነበር። ከተማ የሚባለው ከኮልፌ ገበያ ወዲያ ያለው ሲሆን፣ እዚያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬ ሳይዝ ቢመጣ ይታዘቡት ነበር።

አቶ ቱሉ ብርቱ ገበሬ ስለ ነበሩ ጎተራ አይበቃቸውም፤ የተረፈውን እህል በጉድጓድ ያስቀምጡ ነበር። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈርና ውስጡ በእሳት ይደርቃል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ተከድኖ አፈር ይለብሳል። ላዩ ላይ ሣር ሲበቅልበት ከሌባም ከግብር ሰብሳቢም ይሰወራል። ቦታውን የሚያውቁት አባወራውና የበኩር ወንድ ልጁ ብቻ ናቸው። ሴት ልጅ አግብታ ወደ ሰው ቤት ስለምትሄድ አይነገራትም። ወ/ሮ የኔነሽ በሕይወታቸው ብዙ ሰው ይቅር ብለዋል፤ ይህን ልማድ ግን እስከ መጨረሻው ይቅር አላሉትም።

ነሐሴ 1956 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው ወዬሳ እህል ሊያወጣ አንዱን ጉድጓድ ከፈተ። የተከፈተ ጉድጓድ ሳይናፈስ እንደማይገባበት፣ የታመቀው አየር ሰው እንደሚገድል ያውቃል። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚበላ አልቆ ነበር፤ አባትየውም ገበያ ሄደዋል። ገመዱን ለእህቱ አስያዘና፣ «ሦስት ናቸው፤ ይሄ ትንሹ ነው፣ ቶሎ እወጣለሁ። ስጠራሽ ሳቢ» ብሏት ወረደ። አልጠራም። ወ/ሮ የኔነሽ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ሰው እስኪደርስ ድረስ ገመዱን ይዘው ቆሙ።

አቶ ቱሉ ከልጃቸው ቀብር መልስ ወዬሳ የሞተበትን ጉድጓድ በድንጋይ ሞሉት። አውድማውን አፈረሱ፣ ለምልክት የቆመውን ግራር ቆረጡ፣ ሜዳውንም ከዳር እስከ ዳር አረሱት። የቀሩት ሁለቱ ተሞሉ ወይስ እንዲሁ ተከድነው ቀሩ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በዚያ ቤት ስለ ጉድጓድ ማንሳት ቀረ።

ወ/ሮ የኔነሽ ትምህርታቸውን እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በ1963 ዓ.ም. ከከፋ መጥተው ማርና ኮረሪማ ይነግዱ ከነበሩት ከአቶ መዝገቡ ገብረወልድ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ቱሉም ከመሬታቸው ቆርሰው ሰጧቸውና፣ «ቤትሽን እዚህ ሥሪ፤ አፈሩ ጽኑ ነው» ብለው መረቋቸው። በ1966 ዓ.ም. አቶ ቱሉ ታመው ሲተኙ ልጃቸው ስለ ጉድጓዶቹ ጠየቋቸው። መልሳቸው «ያለፈውን ተይው» የሚል ብቻ ነበር፤ በዚያው ሳምንት አረፉ።

በማግሥቱ ዓመት መሬቱ የገበሬ ማኅበር ሆነ። ወ/ሮ የኔነሽ ላም እያረቡ፣ ጎመንና ድንች እየሸጡ ሁለት ልጆች፣ ፀጋንና ራዕይን፣ አሳደጉ። ከዚያ በ1978 ዓ.ም. የጎረቤት በሬ ሲያርስ የኋላ እግሩ መሬት ውስጥ ሰጠመ። በሬው በስንት መከራ ወጣ። ሰዉ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሁለተኛው ጉድጓድ ባዶውን ቆሟል፤ ከላዩ የበሰበሰ ሳንቃና ጥቂት አፈር ብቻ ነበረው። ሌላው ሰው በሬው ተረፈ ብሎ ተደሰተ። ወ/ሮ የኔነሽ ግን እዚያው ቁጭ አሉ። አባታቸው እንዳልሞሏቸው፣ አንዱም አፉ እንደተከደነ የሆነ ቦታ እንደሚጠብቅ ያወቁት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ከተማው መጣ። መጀመሪያ የጭቃ ቤቶች፣ ኋላ ብሎኬት፣ ኋላ ኮንዶሚኒየም። የአየር ጤና ታክሲ ባቄላ ይዘራበት ከነበረው ማሳ ፌርማታ አበጀ። ገብስ የነበረበት ጋራዥ ሆነ። አካባቢው ሁሉ ከተማው መሬታችንን ይወስድብናል ብሎ ሲፈራ፣ እሳቸው መሬቱ ሰው እንዳይወስድ ይፈሩ ነበር። በተለይ ልጆችን። የትምህርት ቤት ልጆች በጠዋት እየተሯሯጡ ሲያልፉ የመጨረሻው ልጅ እስኪሻገር ድረስ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ።

መሠረት ይወጣል ሲባል ዘነዘናቸውን ይዘው ከተፍ ይላሉ። መሬቱን ይደበድባሉ፣ ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ፣ እንደገና ይደበድባሉ። ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል። በ1999 ዓ.ም. የጎረቤታቸውን የአቶ ይመርን ግቢ «ድምፁ አላማረኝም» ብለው ከጥግ እስከ ጥግ አስቆፈሩት፤ የተገኘው የተሰበረ ገንቦ ነው። አቶ ይመር አፈሩን መልሰው ሲጨርሱ፣ «እማማ፣ የቀረኝ ሳሎኔ ነው፤ እሱንም ልቆፍርልዎት?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተነጋገሩት እድሩ አስታርቋቸው ነው።

ወ/ሮ የኔነሽ በ1984 ዓ.ም. ጌታን ተቀብለው በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን በጸሎት አገልግለዋል። አንድ ቀን ፓስተሩ እምነትና ፍርሃት አብረው እንደማይኖሩ ቢመክሯቸው፣ «ፓስተር፣ እኔ ጌታን አምናለሁ፤ አፈሩን ነው የማላምነው» ብለዋቸዋል። በግቢያቸው ገመድ መዝለል ክልክል ነበር። የፀጋ ሠርግ ድንኳን የተተከለው በሌላ ሰው ግቢ ነው። አቶ መዝገቡ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉም ለቀስተኛ የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር፤ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲቆም ማየት አይችሉም ነበርና። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን የገዛ ግቢያቸውን አንድም ቀን በዘነዘና አልነኩም። የልጅ ልጃቸው ሄኒ ለምን ብላ ስትጠይቃቸው፣ «እዚህማ አባቴ ነው የሰጠኝ» አሏት።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የስኳርና የልብ ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ከያዙ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይረበሹ ነበር። እሑድ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ። የመጨረሻ ቃላቸው ለፀጋ የተነገረ ነው፤ «ልጆቹን ከደጅ አስገቢያቸው።»

ያን ቀን ረፋድ ላይ ቤተሰቡ ተመካክሮ፣ ፍርሃቱ ከእሳቸው ጋር አልፏል፣ ለአንዴ እንኳ በገዛ ግቢያቸው ድንኳን ይተከልላቸው ብሎ ወሰነ። ልጃቸው ራዕይ ከመኝታ ቤታቸው በርና ከቧንቧው መካከል ካስማ ሲመታ ካስማው ከእጁ አምልጦ ወደ ታች ገባ፤ አፈሩም ተከተለው። ራዕይ እስከ ብብቱ ሲሰጥም አቶ ይመር ዘለው ክንዱን ያዙ። እስኪያወጡት ድረስ እግሩ የሚረግጠው ነገር አላገኘም። ወ/ሮ የኔነሽ ጠዋት ማታ ውኃ ለመቅዳት የተመላለሱበት፣ ልጆቻቸውን አዝለው ከሃምሳ ዓመት በላይ የረገጡት መሬት ነው። አቶ ቱሉ ረስተውት ይሁን፣ ልባቸው ሊያስታውሰው እምቢ ብሎ ይሁን፣ የሚነግረን የለም። እኛ ግን ፈርተናል፤ ይህን ስንጽፍ እንኳ እግራችንን ሰብስበን ነው።

ጉድጓዱ ትናንት እስኪመሽ ድረስ በሰፈሩ ሰው እጅ በድንጋይ ተሞልቷል። የመጀመሪያውን ድንጋይ ያመጡት አቶ ይመር ናቸው። ድንኳኑም እሳቸው ግቢ ተተክሏል፤ በሰፈራችን ተቆፍሮ የተረጋገጠው ግቢ እሱ ብቻ ስለሆነ ለቀስተኞች በሰላም ትቀመጣላችሁ።

ወ/ሮ የኔነሽ የሁለት ልጆች እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች የኤልያብ፣ የሄኒና የርሆቦት አያት ነበሩ። እማማ፣ ሦስተኛው ተገኝቷል። ማንም ልጅ አልገባበትም። ገመዱን አሁን ይልቀቁት።

ዘነዘናቸው ከእሳቸው ጋር ይቀበር ያልን ነበርን። ፀጋ ግን አሻፈረኝ አለች። ሦስት ናቸው ያለው ወዬሳ ነው፣ ወዬሳም ገና ልጅ ነበር፣ ሁሉንም ነግረውት እንደሆነ በምን እናውቃለን ብላ ዛሬ ጠዋት ከደጃፏ አቁማዋለች።

ጌታ የእናታችንን ነፍስ በማይናወጥ ስፍራ ያሳርፍ፤ የእኛንም እግር ይጠብቅ።