ቀለበቶቹን የሚፈልግ ጠፋ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዋናው መሐንዲሳችን የለመናቸው ሰዎች አንቀበልም ብለዋል። የሥራ ክፍላችንም ተዘግቷል። አልማዝ ከአውቶቡስ እንደወረደች፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታሳርፍ ነገረችኝ። ውጭ አገር፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የሠራን ነን። ዓምና እኔ ስመለስ እሷ ቀርታ ነበር። አሁን እሷንም ሸኟት።

«አዲስ አበባ ይከፈታል ያሉን የኮምፒዩተር ፋብሪካስ?» አልኋት።

«የቱ ፋብሪካ፣ እቴ?»

እኔ እኮ አሠልጣኝ ትሆኛለሽ ተብዬ ነው እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ንዴቴ አልበረደም። ሥራችን ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ የብረት ቀለበቶችን በማጉያ መነጽር እያዩ በቀጭን የመዳብ ሽቦ መሰካት ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያስታውሰው በእነሱ ነው። ከዚያ ቺፕ የሚሉት መጣ፤ ጥፍር በምታህል ቁራጭ የእኛን ብዙ እጥፍ ያዘ። ይሁን። ግን መብራት ሲጠፋ ቺፑ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ቀለበት አይረሳም! ዋናው መሐንዲሳችን ይህንኑ ይዞ ቺፕ ሠሪዎቹን ለመነ፤ ለቀለበቶቹ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ትንሽ ክፍል ብቻ ሥሩልን አላቸው።

አልማዝ እንደምትለው መልሳቸው አጭር ነው፦ ለእናንተ ብለን ማሽናችንን አንቀይርም። ርካሹን፣ ብዙ የሚሸጠውን ነው የፈለጉ።

ዓይኔን የጨረስኩት ለዚህ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እጮኛዬ ጌትነት ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ መጣ። ሠርጋችንን ሁለት ጊዜ ያራዘምነው በዚሁ ፋብሪካ ምክንያት ነው። ነገርኩት። ፊቱ በራ!

«እንኳንም ቀረ! በቃ፣ ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን።»

ውጣልኝ አልኩት። አባዬ ቄስ ናቸው፣ ጠብ አይወዱም። «ምነው ልጄ፣ ሰው እንዲህ ይባረራል?» አሉኝ።

«አባዬ፣ እኔ ሐዘን ተቀምጬ እሱ ድግስ ያስባል እኮ!»



ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አዲስ አበባ ውስጥ ቺፕ ያለበትን ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው ሊያሠለጥኑ ነው መባሉን አልማዝ ሰምታለች። አብረን እንሞክር ትላለች።

«ደግሞ ለጠላቴ ልሥራ?»

«ጠላትሽ ማን ነው? ጥፍር የምታህል ቁራጭ?»

ሳቄ አመለጠኝ። በመሳቄ ተናደድኩ። ግን እሺ አልኳት።

ያለ ይለፍ ወረቀት መንገድ የለምና ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ምክንያቴን ሲሰማ፣ «እጅሽ ክር ከለመደ እዚሁ ሹራብ ሥሪ» ብሎ አጠገቡ ያሉትን አሳቀ። በኋላ ግን ፈረመልኝ። ኮምፒዩተር ብሎ ቢጽፍ የበላዮቹ የሚስቁበት መስሎት ነው መሰል፣ ምክንያቱ ላይ «ለሕክምና» ብሎ ጻፈ። ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቅዳሴ ስወጣ ጌትነት ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ።

«በሐዘንሽ አይደለም የተደሰትኩ። የምትቀሪልኝ መስሎኝ ነው።»

ነገ ከአልማዝ ጋር እንደምሄድ ነገርኩት።

«ባትመለሺስ?»

«አላውቅም።»

እውነቴን ነው። የሚቀበሉኝም አይመስለኝም። ቢቀበሉኝም በእርጅና ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ልሆን ነው።

ጠጠር በጫማው ገፋ አደረገ። ከዚያ አውቶቡሱ ቶሎ ስለሚሞላ ማልዶ ሄዶ ቦታ እንደሚይዝ ነገረኝ።

ለሁለት ወይስ ለሦስት ሰው? ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩትም።