ከመድረክ ወርጃለሁ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ ግን አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ቢወላገድብሽ ስለቸኮልኩ ነው።

በቀደም በስልክ ድምፄ አላማረሽም መሰለኝ፣ ደጋግመሽ "ምን ሆነሻል?" አልሽኝ። "ጉንፋን ነው" አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም።

ባለፈው ወር ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከኦርኬስትራው ጋር ፒያኖ ስጫወት፣ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ወደ መዳፌ ታጠፉ። አላመመኝም፤ ዝም ብለው ታጥፈው አንዘረጋ አሉ። በቀሩት ጣቶች ልሸፋፍነው ሞከርኩ። ዜማው ተንገዳገደብኝ፣ ቆምኩ። ኦርኬስትራውም አንድ በአንድ ጸጥ አለ። መሪው ጎንበስ ብሎ "ከየት እንጀምር?" አለኝ በሹክሹክታ። ደግ ሰው ነው። "ከመጀመሪያው" አልኩት። እዚያው ቦታ ስንደርስ ደግሞ ታጠፉብኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁና ወጣሁ።

እማዬ፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ከተማ ስንት ጭብጨባ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያን ዕለቱ አንጀቴን ያሳረረኝ የለም። እያዘኑልኝ ነበር።

ሐኪሙ እጄን ሲያገላብጥ ቆየና "እጅሽ ጤነኛ ነው፤ ከጭንቅላትሽ የሚላከው ትእዛዝ ነው የማይደርሰው" አለኝ። "ይድናል?" ብዬ ስጠይቀው መነጽሩን መወልወል ጀመረ። ሥራ የሚያፈላልግልኝ ወኪሌም "ለጊዜው ዕረፊ" አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ የእኔ ፎቶ በነበረበት ማስታወቂያ ላይ የሌላ ልጅ ፎቶ አየሁ። ወኪሌን አልተቀየምኩትም። ትንሽ ብቻ ተቀይሜዋለሁ።

ፒያኖዬን ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰጠሁት። ምንጣፉ ላይ እግሮቹ ያረፉበት ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። ዛሬም ወደ መስኮቱ ስሄድ ያለ ይመስል ዞሬው ነው የማልፈው።

ትዝ ይልሻል፣ የመጀመሪያውን ሲዲዬን የላኩልሽ ጊዜ "ልጄ፣ ማን እያባረረሽ ነው እንዲህ የምትሮጪው?" ያልሽኝ? ለባልደረቦቼ ነግሬያቸው ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። አሁንማ የሚያባርረኝ የለም።

ስለዚህ እመጣለሁ፤ ለጉብኝት አይደለም። ጎረቤቶችሽ ከጠየቁሽ "ዕረፍት ወጥታ ነው" በያቸው፤ ሰንበትበት ስል ራሳቸው ይገባቸዋል። ልጆች አስተምራለሁ፤ ለማስተማር ጆሮ ይበቃል። አንቺ ብቻ እንዳታለቅሺ። ሁለት ጣት ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ዓይንሽን እስካይ ድረስ ክፉ አይንካብኝ፤ ደጅሽ ላይ ቆመሽ ተቀበዪኝ።

የምትናፍቅሽ የበኩር ልጅሽ

ሳልረሳው፦ ሹራብ እንደጀመርሽልኝ እህቴ ነገረችኝ። እጅሽ ይባረክ። ግን እማዬ፣ ቁልፍ አታድርጊበት፤ በአንገት የሚጠለቅ ይሁንልኝ። አሁን እንደዚያ ነው የሚለበሰው።