ስለ እምቧይ ወንዝ ድልድይ ስድስት ዓመት ለጋዜጣ የጻፉት የአቶ ገዳሙ እንዳላማው የሕይወት ታሪክ

አቶ ገዳሙ እንዳላማው ከአባታቸው ከአቶ እንዳላማው ውበቱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ ድረስ፣ ከሉማሜ ከተማ ወንዝ ተሻግሮ በሚገኘው በዝግባ ሚካኤል፣ ኅዳር 12 ቀን 1940 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ስለነበር የክርስትና ስማቸው ገብረ ሚካኤል ተባለ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ እስከ ቅኔ ቤት ዘልቀዋል። በ1961 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገብተው የጽሕፈት መኪና ተማሩ። ከዚያም ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ከአርባ ዓመት በላይ የሰው ማመልከቻ ጻፉ። እርሳቸው የጻፉት ማመልከቻ ጎደሎ ነው ተብሎ ተመልሶ አያውቅም፤ ከላይ ሰላምታው፣ ከመሐል ጉዳዩ፣ ከታች ግልባጩ የተሟላ ነበር። በዚህም ሰው ሁሉ ያከብራቸው ነበር፤ ይገባቸዋልም። የኋላ ኋላ ያስቸገራቸውም ይኸው ነው።

በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ እስከዳር አምደሚካኤል ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ዓይናቸው ሲደክም በ2008 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የእምቧይን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ዝግባ ሚካኤል ክረምት በገባ ቁጥር ከአስፋልቱ እንደተቆረጠ ነው። አቶ ገዳሙ «እኔ እያለሁማ ዝም አይባልም» ብለው አዲስ አበባ ላለ አንድ ጋዜጣ አዘጋጅ መጻፍ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ስድስት ገጽ ነበር። አንደኛው ገጽ ለአዘጋጁ፣ ለቤተሰቡና ለሠራተኞቹ ጤና መመኛ ነው። ሁለተኛው በወንዙ ዳር መጀመሪያ ማን እንደሰፈረ ይተርካል። ድልድዩ ብቅ ያለው አምስተኛው ገጽ ላይ ነው። ታላቋ ልጃቸው ምሥራቅ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ሆኖም «አባባ፣ እኔ ልጅዎ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የማያውቅዎት ሰው እንዴት ይጨርሰው?» አለቻቸው። «ሰላም ሳልል የሰው ቤት ልግባ?» ብለው ላኩት። አልወጣም።

በዓመቱ አራት ገጽ ጻፉ፤ ከሥሩም ለአምስት መሥሪያ ቤቶች ግልባጭ አደረጉ። ጋዜጣው ገና ሳያየው ግልባጩ ድልድዩን ይጠግናል ከተባለው መሥሪያ ቤት ደረሰ። ሰዎቹ በጥር መጡ፤ ውኃው ቁርጭምጭሚት በማይደርስበት ጊዜ ማለት ነው። ሱሪያቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ተሻገሩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ «መሻገር ያቃተው ሰው የለም» ብለው ለጋዜጣው ጻፉ። ከጋዜጣው ተደውሎ «አባት፣ ለደረቅ ወንዝ ነው እንዴ ድልድይ የሚጠይቁት?» ተባሉ።

ምሥራቅ ልትፈነዳ ደረሰች። «ሊከሷቸው ነው ሊያስጠነቅቋቸው ግልባጭ የላኩላቸው?»

«ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ ዋጋ የለውም።»

«ማመልከቻ ማን አለዎት? ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው እንዲያነበው እኮ ነው!»

እንዲህ እየተባባሉ አራት ዓመት አለፈ። ልጅ ትሰርዛለች፣ አባት መልሰው ይጽፋሉ። ወይዘሮ እስከዳር «ሁለታችሁንም ያ ወንዝ በወሰደልኝ» እስከማለት ደርሰው ነበር።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጎረቤታቸውን ወለተ ማርያምን ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ወርዳ፣ ውኃው እስኪጎድል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወንዝ ዳር ተኛች። ልጇ ሞተ። አቶ ገዳሙ እንደ ልጅ አለቀሱ። ደብዳቤው ላይ ግን «ኅብረተሰቡ ለከፍተኛ እንግልት ተዳርጓል» ብለው ብቻ አለፉት።

ምሥራቅ «እንግልትን ማን አይቶት ያውቃል? ወለተ ማርያምን ይጻፏት!» አለች።

«የሰው ኀዘን ጋዜጣ ላይ አላወጣም» አሉ። በዚህስ አይወቀሱም፤ አስተዳደጋቸው ነው። ወለተ ማርያም ይህን ሰምታ ራሷ መጣች። «ጋሼ ገዳሙ፣ ስሜን ይጻፉት። የልጄን ስም ግን አይጠይቁኝ፤ አላወጣሁለትም» አለቻቸው።

በዚያ ቀን የጻፉት ደብዳቤ ዘጠኝ መስመር ነበር። ከአንድ መስመር ሰላምታ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእርሷን ስም፣ የሚፈለገውን ነገርና ስልካቸውን ብቻ ያዘ። ግልባጭ የለውም። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ታተመ። እርሳቸው ግን «ሰላምታዬን ቆርጠው ባለጌ አስመሰሉኝ» ብለው ሳምንት አኮረፉ። በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው ለኩ፣ አራት ችካል ተከሉ፣ «ከክረምት በፊት ይሠራል» ብለው ሄዱ። ክረምቱ ገባ። ችካሎቹንም ውኃ ወሰዳቸው።

አቶ ገዳሙ ሐምሌ 28 ቀን ሳምባቸውን ታመው በቃሬዛ ወርደው ሁለት ቀን ውኃ ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ተሻግረው ደብረ ማርቆስ ሕክምና ቢደረግላቸውም ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አረፉ። ከመድከማቸው በፊት ምሥራቅን «የኔንም ስም ጻፊው» ብለዋታል። አቶ ገዳሙ የወይዘሮ እስከዳር ባል፣ የምሥራቅ፣ የዓባይና የአንተነህ አባት፣ የሰባት ልጆች አያት ነበሩ።

ምሥራቅ የጻፈችው ይህ ነው፤ «አባቴ ገዳሙ እንዳላማው ታመው እምቧይ ወንዝ ዳር ሁለት ቀን ውኃ ጠበቁ። ነሐሴ 9 ሞቱ። አስከሬናቸው የተሻገረው በስምንት ሰው ትከሻ ነው። ድልድያችን ከተወሰደ ስድስት ዓመቱ። በመጋቢት ለክተው የሄዱት ሰዎች መቼ ይመለሳሉ? ምሥራቅ ገዳሙ፣ ዝግባ ሚካኤል።»

ለቀብር የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እስከ ወገባችሁ ረጥባችኋል፤ እግዜር ይስጥልን። በእርሷ ደብዳቤ ላይ ፊርማ አትደርድሩ። መቶ ሰው ቢፈርምበትም አንድ ደብዳቤ ነው። ይልቅ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ልብሳችሁ ሳይደርቅ፣ ዛሬ ያያችሁትን በየራሳችሁ ስም ጻፉ።

የገብረ ሚካኤልን ነፍስ ቅዱስ ሚካኤል ሳያስጠብቅ ያሻግርልን፤ ከደጋጎቹ አባቶች ማረፊያ ያግባልን። አሜን።