የተዋንያኑን ስም ዝርዝር በአደራ ስለ ተረከቡልን

ካርቱም፣ ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሻምበል፣ የቡሪ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እስካሁን ያልተወሰድነው ደኅና ነን። የደም ግፊትዎ ረገብ፣ እንቅልፍዎም ጠለቅ እንዲልልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ እንቅልፉን፣ እኛ ካጣነው ሦስት ሳምንት ሆኖናልና።

እኔ ውብሸት፣ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ ስልክ የምጠግን፣ ካርቱም ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ዓርብ ዓርብ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ በአንዲት የእጅ ስልክ ፊልም እንቀርጽ እንደ ነበር ያውቃሉ፤ የፈቀዱልን እርስዎ ነዎት። ታሪኩ በየማለዳው ስም ስትጠራ በየማለዳው አንድ ተማሪ ስለሚጎድልባት መምህርት ነው። ተማሪ ሆነው የተጫወቱት የቤትና የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጉልበታቸው ከልጆች ዴስክ ሥር አልገባ እያለ፣ ድምፅ እንዳይረብሽ ማራገቢያው ጠፍቶ፣ ላብ በላብ ሆነው ከሳምንቱ ያለቻቸውን አንዲት የዕረፍት ቀን ሰጡኝ። እርስዎ ስለ ዋሉልን ውለታም ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

1. «ለደኅንነታችሁ ነው» ብለው የእያንዳንዱን ተዋናይ ስም ከነአባቱ፣ ሰፈሩን፣ የአሠሪውን ቤትና የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ የሚያበቃበትን ቀን ስለ ጠየቁን አመሰግናለሁ። ይህን አንድ የአገሩ መኮንን ጠይቆን ቢሆን ኖሮ ግማሾቻችን ስማችንን፣ ግማሾቻችን ሰፈራችንን በቀየርን ነበር። የጠየቁን ግን የአገራችን ሰው፣ ያውም የብዙዎቻችን ልጆች ክርስትና አባት ስለ ሆኑ አንዲት ነገር አልደበቅንም። አልደበቅንም ስል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈትህ ያምራል ስላሉኝ ደስ ብሎኝ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ አሥራ አንዳችንንም በአንድ ገጽ ላይ በተራ ቁጥር አሰፈርኩ። ይህን እጄን ዛሬ ሳየው ይቀፈኛል።

2. «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባልን አድገናል። እርስዎ ግን አደራውን ከማጥበቅ ይልቅ ማስተላለፉን መርጠዋል። ዝርዝሩ የት እንደ ደረሰ ከተዋንያኑ አንዷ ወይዘሮ ሸዋአለም ስትጠይቅዎ «ለሚመለከተው ክፍል አሳውቄያለሁ» ብለው ስለ መለሱላት፣ ክፍሉ የማን እንደ ሆነ ሳይነግሯት ሻይ ጋብዘው ስለ ሸኟትም እጅግ እናመሰግናለን። ሻዩ ጥሩ እንደ ነበር ነግራናለች።

3. የሚመለከተው ክፍል ሥርዓት አክባሪ ሆኖ ስላገኘነው ተደንቀናል። ከሻ ማለት መንገድ ዘግቶ ያገኙትን ማፈስ እንደ ሆነ ካርቱም የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ ሮጦ ያመለጠ አመለጠ ነው። ይህኛው ግን በስም ይጠራል። በመጀመሪያው ሰኞ ነቢዩን ግንብ ከሚያነሣበት ሥራ፣ ከሃያ ሠራተኞች መካከል ለይተው ወሰዱት፤ ተራ ቁጥር አንድ። በሁለተኛው ሰኞ አንዱዓለምን ከቤቱ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ መምህርት ሆና የተጫወተችውን ፅዮንን እዚሁ ሪያድ ሰፈር ከምትሠራበት ቪላ፣ እጇ ሊጥ እንደ ነካ ወሰዷት። የበሩ ዘበኛ ሀሰን ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር፤ «ወላሂ ወረቀት ይዘው ነው የመጡት፣ በአባቷ ስም ጠሯት፤ እኔ እንኳ የአባቷን ስም አላውቅም» አለኝ። የት እንዳሉ እስካሁን የነገረን የለም።

4. የምንቀርጽበትን ክፍል ቁልፍ ስለ መቀየርዎም አመሰግናለሁ። ለነገሩ የሚቀረጽ ሰው እያለቀ ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ፊልሙ ይቅር፤ ስልኬን አምጣ ቢሉኝም አመጣለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን ወደ ሰጡት ሰው ዘንድ ከነገ ወዲያ ሰኞ ሳይደርስ ሄደው ያስመልሱልን፣ የተወሰዱትን ሦስቱንም ይጠይቁልን። ፈርቻለሁ፤ ይህንን በጨዋ ቋንቋ የምልበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ለሽበትዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ ጥያቄ ቢቀርብልዎ ሰፈሬንና ኢቃማዬን ከእኔ ይልቅ አሟልተው የሚያውቁልኝ፣

ታዛዥዎ ውብሸት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሚከተለውን በጆሮዎ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ «የሉም» ተብያለሁና እዚህ ለመጻፍ ተገደድኩ። ልጅዎ ህሊና ዓርብ ዓርብ መዝሙር ጥናት አልነበረችም፤ ከእኛ ጋር ነበረች። በመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው፣ አማርኛዋ ዐረብኛ ዐረብኛ የሚለው ተማሪ እርሷ ናት፤ ጎበዝ ተዋናይት ወጥቷታል። «ህሊና ሻምበል» ብዬ ስጽፍ አንብበው የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ዝም ሲሉ ፈቅደዋል አልኩ። ኢቃማዋ ካለፈ አራት ወር እንደ ሆነው እርሷው ነግራኝ ያንኑ አስፍሬአለሁ። ትላንት ተደበቂ ብላት «ኻላስ፣ ተወው፣ አባቴ ሰብሳቢ ነው፣ ማን ይነካኛል?» ብላ ሳቀችብኝ። ተራ ቁጥሯ አራት ነው። ስሟን ለማሰረዝ ዛሬውኑ እንደሚሮጡ አልጠራጠርም፤ ከእርሷ በታች ያለነው ሰባት ነን።